ወንበር የማይለቁት ፓስተር፣ መዋጮ የሚሰበሰብላቸው መሪጌታ

ቴሌግራምና ፌስቡክ ላይ ስለ ቆዩ አገልጋዮች ሁለት ዓይነት ወሬ ይመላለሳል። አንዱ የእርዳታ ጥሪ ነው። ድጓ የሚባለውን የቤተ ክርስቲያን ዜማ 40 ዓመት ያስተማሩ መሪጌታ ኩላሊታቸውን ታመዋል፤ ዕድሜያቸውን በገጠር ሲሰብኩ የፈጁ ወንጌላዊ የቤት ኪራይ አቅቷቸዋል። ከሥሩ የባንክ ሂሳብ ቁጥር ይለጠፋል። ሌላው ክስ ነው። እኚህ ፓስተር አርጅተውም መድረኩን አልለቅ አሉ፤ እኚያ የደብር አስተዳዳሪ ወንበሩን የሙጥኝ ብለዋል። አንባቢው በመጀመሪያው ያዝናል፤ በሁለተኛው ይሳደባል።

ሁለቱ ወሬዎች የማይገናኙ ይመስላሉ። አንዱ የድህነት፣ ሌላው የሥልጣን ፍቅር ጉዳይ ተደርጎ ይወራል። ጠጋ ብሎ ላያቸው ግን ብዙ ጊዜ ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። አገልጋይ ሲደክመው ምን እንደሚበላ ካልተወሰነ፣ ወይ ወንበሩን ይዞ ይቆያል፣ ወይ ለቅቆ ይለመንለታል።

ነገሩ አሁን የገነነው ያለ ምክንያት አይደለም። በደርግ ዘመን በወጣትነታቸው አገልግሎት የገቡ ሰዎች ዛሬ እያረጁ ነው። በ1974 ዓ.ም. የወንጌላውያኑ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በደርግ ስትዘጋ የ25 ዓመት ወጣት የነበረ አገልጋይ አሁን ወደ 70 ዓመት እየተጠጋ ነው። በኦርቶዶክሱም ወገን መሬት ከተወረሰ በኋላ የተሾሙት ካህናት ተራቸው ደርሷል። ያለ ርስትና ያለ ጡረታ ሙሉ ዕድሜውን ያገለገለ ትውልድ ሲያረጅ ያየነው ገና አሁን ነው።

ለምን ይቆያሉ?

ችግሩን ከማንሳት በፊት አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅማል። ሰው 30 እና 40 ዓመት በዚህ አገልግሎት የሚቆየው ለምንድን ነው? ለደመወዙ እንዳልሆነ ግልጽ ነው።

የንስሐ አባትነትን እንውሰድ። አንድ ቄስ አንድን ቤተሰብ በንስሐ ልጅነት ይይዛል። ልጅ ሲወለድ ያጠምቃል፣ ቤት ጠበል ይረጫል፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ ያስታርቃል፣ ሰው ሲሞት ፍትሐት ያደርሳል። ከ25 ዓመት በኋላ ያጠመቀው ሕፃን የራሱን ልጅ አሳቅፎ ይመጣል። ካህኑ እስከዚያ ድረስ ስለዚያ ቤት የሚያውቀውን ዳኛም ሐኪምም አያውቀውም። በገጠር ደም የተቃቡ ወገኖችን ለማስታረቅ መስቀል ይዘው መሀል የሚገቡ አባቶች የሚሰሙት በዚህ ምክንያት ነው። ትናንት የተቀሰሰ ወጣት ያንኑ መስቀል ይዞ ቢገባ ተመሳሳይ ጆሮ አያገኝም። እንዲህ ያለው መታመን በትምህርት አይገኝም። ጊዜ ብቻ ነው የሚያመጣው።

በኦርቶዶክሱ ባህላዊ ትምህርት ቤት የሚያስተምረው የአብነት መምህር ደስታ ሌላ ነው። የዜማው ትምህርት በየዘርፉ ማስመስከሪያ ቦታ አለው፤ ድጓ በጋይንቷ ቤተልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕት በዙር አምባ፣ አቋቋም በጎንደር በአታ ይመሰከራል። ተማሪው ቆሎና ቁራሽ እየለመነ ዓመታት ይቀመጣል። መምህሩም አብሮት ይቀመጣል። ድካሙን የሚያስረሳው ደቀ መዝሙሩ አስመስክሮ፣ አገሩ ገብቶ፣ በተራው ወንበር ዘርግቶ ማስተማር ሲጀምር ነው። ይህ ትምህርት ከአፍ ወደ ጆሮ የሚሻገር ስለሆነ፣ አንድ መምህር በሩቅ ባሉ ደብሮች ሁሉ ዜማው ይሰማል።

በወንጌላውያኑ ዘንድ ደግሞ ማኅበር ከምንም ተነሥቶ ሲያድግ የማየት ደስታ አለ። መሠረተ ክርስቶስ በተዘጋችባቸው ዓመታት ምእመኖቿ በየቤቱ ጥቂት ጥቂት እየሆኑ ይሰበሰቡ ነበር። ደርግ ሲወድቅ ስትወጣ ቁጥሯ በብዙ እጥፍ አድጎ ነበር። ያን ጊዜ በር ዘግተው ለአሥር ሰው ያስተማሩ ሰዎች ዛሬ አዳራሽ ሞልቶ ሲያዩ የሚሰማቸውን በብር መተመን አይቻልም። ዋጋውም ከባድ ነበር። በ1971 ዓ.ም. ብቻ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ቴዎፍሎስና የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ተገድለዋል።

ምእመኑ ይህን ስለሚያውቅ ያከብራል። መስቀል ይሳለማል፣ ከመቀመጫው ይነሣል፣ በግብዣ ላይ ራስጌ ያስቀምጣል። ችግሩ አክብሮት የሚቀመጥ ነገር አለመሆኑ ነው። ሐኪም ቤት ካርድ አያወጣም።

ድሮ ማን ያኖራቸው ነበር?

በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ይህ ጥያቄ መልስ ነበረው። መልሱ መሬት ነው። የሰሞን መሬት የሚባለው ለአገልጋዮች የሚሰጥ ነበር። ሰሞነኛው ተራው ሲደርስ ገብቶ ይቀድሳል ወይም ማሕሌት ይቆማል፤ በምላሹ መሬቱን ያርሳል ወይም ያሳርሳል። ሲያረጅ ልጁ ወይም ሌላ ሰው ግዴታውን ተረክቦ መሬቱን ይይዛል። ሽማግሌው እዚያው ቤተሰቡ ውስጥ ይጦራል። ሥርዓቱን ማሳመር ግን አያስፈልግም። ከቤተ ክርስቲያን መሬት ብዙው የታላላቆች ነበር፤ የዚያን ጊዜውን ጡረታ ከጉልበቱ የከፈለው ጭሰኛው ነው።

ደርግ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሲያደርግ ይህ አብሮ ተነቀለ። ቤተ ክርስቲያኒቱን ያተረፋት ከዚያ በፊት በ1965 ዓ.ም. የወጣው ቃለ ዓዋዲ ነው ማለት ይቻላል። ቃለ ዓዋዲ የአጥቢያ አስተዳደር ደንብ ነው። ካህናት፣ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በጋራ የሚመርጡት ሰበካ ጉባኤ አቋቋመ። ምእመኑም በአባልነት መዋጮ ቤተ ክርስቲያኑን እንዲያኖር አደረገ።

በዚህም የአገልጋዩ ቀለብ ከመሬት ወደ ምእመኑ ኪስ ተዛወረ። ኪስ ደግሞ እንደየቦታው ይለያያል። አዲስ አበባ ያለ ደብር ሙዳየ ምጽዋቱ ይሞላል፣ ስእለቱ ይገባል፣ ሱቅ ያከራያል፣ በፔሮል ደመወዝ ይከፍላል። የገጠሩ አጥቢያ ግን ምእመኑ ራሱ ከእጅ ወደ አፍ ነው። እዚያ ያለው ቄስ በሳምንቱ አብዛኛው ቀን ገበሬ ነው። ለክርስትና፣ ለተዝካርና ለፍትሐት ሲጠራ የሚሰጠው እህልና ጥቂት ገንዘብ ድጎማው ነው። ይህ በዓይነት የሚሰጥ ድጋፍ በገበሬ ኑሮ ውስጥ ይሠራል። ሰው ወደ ከተማ ሲሄድ፣ ተዝካር ሲቀንስ፣ ገበያው ሁሉ በጥሬ ብር ሲሆን ግን ይሳሳል። ማዕረጋቸው አንድ የሆኑ ሁለት ቄሶች ኑሯቸው የማይገናኝ የሚሆነው በዚህ የተነሣ ነው። ካህናት ወደ አዲስ አበባ የሚጎርፉትም ስለዚሁ ነው።

ጥሪ የሚሆነው መቼ ነው? ሥራስ?

አገልጋይ ደመወዝ ይከፈለው አይከፈለው የሚለው ክርክር ያረጀ ነው። ሁለቱም ወገን ጥቅስ አለው። የሚደግፉት ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ የጻፈውን፣ ለሠራተኛ ደመወዙ ይገባዋል የሚለውን ይጠቅሳሉ። የሚቃወሙት ራሱ ጳውሎስ በቆሮንቶስ ድንኳን እየሰፋ መስበኩን ያነሣሉ። ደመወዝ እረኛን ምንደኛ ያደርገዋል፣ ተኩላ ሲመጣ ጥሎ ይሸሻል ይላሉ። ይህ ስጋት ከንቱ አይደለም። «እመን፣ ትከብራለህ» በሚለው የብልጽግና ስብከት ስም የከበሩ ሰባኪዎችን ያየ ሕዝብ ስለ አገልጋይ ገንዘብ ሲነሣ ቢጠራጠር አይፈረድበትም።

ነገር ግን ክርክሩ አንድ ነገር ይሸፍናል። አገልግሎት ጥሪ ነው የሚባለው ባብዛኛው ገንዘብ ሲጠየቅ ነው። ትእዛዝ ሲሰጥ፣ ዝውውር ሲደርስ፣ የሥራ ሰዓት ሲቆጠር ግን ሥራ ይሆናል። አገልጋዩ የሠራተኛን ግዴታ ከበጎ ፈቃደኛ መብት ጋር ይዞ ይኖራል። ደግሞም ያልተከፈለው አገልጋይ ነፃ ነው ማለት አይደለም። የሚበላው ከጥቂት ባለጸጎች እጅ ከሆነ፣ እነሱን በአደባባይ መገሠጽ ይከብደዋል። ተመጣጣኝ ደመወዝ ምንደኛ ከሚያደርገው ይልቅ የሰው ፊት ማየት ምንደኛ የሚያደርገው ሰው የሚበዛ ይመስለኛል።

በጉባኤ ላይ ይህን ማንሳት ነውር ሆኖ ቆይቷል። አገልጋዩ ቢያነሣው ለሆዱ ይባላል፤ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ቢያነሣው በጀት ይጠየቃል። ቄሱም ዝም፣ መጽሐፉም ዝም።

ሕጉ ምን ይላል?

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በሩ በሕግ የተዘጋ አይደለም። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 715/2003 ሲወጣ የሃይማኖት ድርጅት ሠራተኞች በግዴታ አልገቡም። በፈቃዳቸው እንዲገቡ ግን ተፈቅዷል። አዋጁ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 ተተክቷል። መዋጮው ከሠራተኛው 7 ከመቶ፣ ከአሠሪው 11 ከመቶ ነው። መውጫው 60 ዓመት ነው። ወርሃዊ አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል።

በቁጥር እንየው። ደመወዙ 5,000 ብር የሆነ ወንጌላዊ ከራሱ 350 ብር ይቆረጥበታል። ቤተ ክርስቲያኑ 550 ብር ይጨምራል። በ715ቱ አዋጅ ስሌት 10 ዓመት ያገለገለ ሰው የደመወዙን 30 ከመቶ ያገኛል፤ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 ከመቶ ይጨመራል። 30 ዓመት ያገለገለ 55 ከመቶ ደረሰ ማለት ነው። ቢሞት ለሚስቱ የሚተርፍ አለ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የደብር ወይም የማኅበር ቤት ውስጥ የሚኖር አገልጋይ ሲሞት ቤቱ ለተተኪው ሊፈለግ ይችላል። ሚስት በአንድ ዓመት ባሏንም ቤቷንም ታጣለች።

እዚህ ላይ ሁለት እንቅፋት አለ። አንደኛው፣ በፈቃድ የተባለ ነገር ባብዛኛው ሳይደረግ ይቀራል። ትንሽ አጥቢያ በየወሩ 11 ከመቶ የሚያወጣበት አቅም የለኝም ይላል፤ ትልቁ አጥቢያ ሕንፃ ያስቀድማል። ሁለተኛው ይብሳል። የአገልጋዩ ገቢ ዋናው ክፍል ብዙ ጊዜ ደመወዝ አይደለም። ስጦታው፣ የክርስትናው፣ የሠርጉ፣ የትራንስፖርቱ ገንዘብ በፔሮል ላይ አይታይም። ስለዚህ ጡረታ ቢኖረው እንኳ የሚሰላለት ከትንሿ ላይ ነው። መድረኩን የለቀቀ ቀን የሚቀርበት ደግሞ ትልቁ ነው።

አንዳንድ ቤተ እምነቶች የራሳቸው ፕሮቪደንት ፈንድ አላቸው። ይህ ሠራተኛውና አሠሪው አብረው የሚያስቀምጡት፣ ሰውየው ሲወጣ ባንዴ የሚሰጠው ገንዘብ ነው። ከባዶ እጅ ይሻላል። ግን ብር ዋጋው በሚወርድበት አገር ባንዴ የተሰጠ ገንዘብ ብዙ አያዘልቅም።

በርንአውት ወይስ ሐኬት?

በርንአውት የሚለው ቃል በወንጌላውያን አገልጋዮች ሥልጠና ላይ መሰማት ጀምሯል። በአማርኛ ዝለት ብንለው ይቀርባል። ቃሉን በ1974 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ኸርበርት ፍሮይደንበርገር የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነው። የሚገርመው ነገር፣ መጀመሪያ ያስተዋለው በኒውዮርክ ነፃ ክሊኒክ ውስጥ በበጎ ፈቃድ በሚያገለግሉ ሰዎች ላይ ነው። ከልባቸው የሚሰጡት ሰዎች ነበሩ ቀድመው ባዶ የሆኑት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎ መድቦታል፤ በሽታ ግን አላለውም። ምልክቱ ሦስት ነው። የማያባራ ድካም፣ ለሥራውና ለሰዉ ግድ ማጣት፣ የምሠራው ምንም አይፈይድም ማለት።

አንዳንድ አባቶች ቃሉን አይወዱትም። መንፈሳዊ ፈተናን የቢሮ ቋንቋ ማልበስ ነው ይላሉ። ገዳማውያን ከጥንት ጀምሮ ሐኬት የሚሉት ነገር አለ። በጸሎት መታከት፣ በበኣት (በመነኩሴው ማደሪያ) መሰልቸት ነው። መድኃኒቱ መጽናትና መትጋት ነው። ልዩነቱን ማስተዋል ይገባል። ሐኬት በትጋት ይድናል። ዝለት በእረፍት ነው የሚድነው። ለዛለ ሰው ጨምረህ ጹም፣ ጨምረህ ትጋ ማለት ወድቆ ለተኛ በሬ ቀንበር እንደመጨመር ነው።

ነቢዩ ኤልያስ ክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ነፍሴን ውሰድ ባለ ጊዜ መልአኩ አልገሠጸውም። እንጎቻና ውኃ ሰጠው። በልቶ ተኛ። ዳግመኛ አበላው። ስለ ተልእኮው የተነሣው ከዚያ በኋላ ነው።

አገልጋይን የሚያዝለው ሥራው ብቻ አይደለም። ሚስጥር መሸከሙ ነው። የሰው ሁሉ ገበና ሲፈስበት ይውላል፤ የራሱን የሚያፈስበት ሰው ግን ይቸግረዋል። ፓስተሩ ለሽማግሌዎቹ ቢናገር አመራሩ ላይ ጥያቄ ይነሣል። ቄሱ ሚስቱ ብትሞት ሌላ ማግባት አይችልም፤ ካገባ ክህነቱ ይቀራል። ልጆች ይዞ በወጣትነቱ ብቻውን የቀረን ካህን ማን ያጽናናዋል? በዚህ ላይ የተጻፈ ደንብ ከመፈለግ ጎረቤቶቹን መጠየቅ ይሻላል።

መልቀቅ ለምን ይከብዳል?

ክህነት ጡረታ አይወጣም፣ ይባላል። ይህ በኦርቶዶክስና በካቶሊክ ትምህርት እውነት ነው። ነገር ግን ማዕረግና ኃላፊነት አንድ አይደሉም። ማዕረጉ እስከ ዕለተ ሞት ይኖራል። ኃላፊነቱ ሊተላለፍ ይችላል።

መጽሐፍ ቅዱስም ይህን ያውቃል። በዘኁልቍ ምዕራፍ 8 ሌዋውያን 25 ዓመት ሲሆናቸው ወደ አገልግሎት እንዲገቡ ታዝዟል። 50 ሲሞላቸው ከከባዱ ሥራ ያርፋሉ፤ ወንድሞቻቸውን እያገዙ ይቆያሉ። በአሥራቱም ይኖሩ ነበር። በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ 75 ዓመት ሲሞላው የመልቀቂያ ደብዳቤ እንዲያቀርብ በሕገ ቀኖና ይጠየቃል። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት በነዲክቶስ 16ኛ በ2013 እ.ኤ.አ. በ85 ዓመታቸው አቅም አነሰኝ ብለው ሲለቁ ዓለም የደነገጠው፣ 600 ዓመት ገደማ እንዲህ ያለ ነገር ስላልታየ ነው።

በኢትዮጵያ ፓትርያርክነት የዕድሜ ልክ ነው። አቡነ መርቆርዮስ ከመንበራቸው ሲወርዱ አንዱ ወገን ተገደዱ፣ ሌላው በፈቃዳቸው ለቀቁ አለ። አባት በሕይወት እያለ ሌላ አባት ይሾማል ወይ የሚለው ጥያቄ ሲኖዶሱን ከሩብ ምዕት ዓመት በላይ ለሁለት ከፍሎ ቆየ። በ2010 ዓ.ም. ዕርቅ ሲወርድ የተገኘው መፍትሔ ትኩረት ይገባዋል። ሁለቱም ፓትርያርኮች ሆነው፣ አቡነ ማትያስ አስተዳደሩን ያዙ፣ አቡነ መርቆርዮስ በጸሎትና በቡራኬ ተቀመጡ። ማዕረግን ከኃላፊነት መለየት ይቻላል ማለት ነው፤ ያውም በላይኛው መንበር።

በነፃ፣ ማለትም ራሳቸውን ችለው በሚተዳደሩ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ነገሩ ይለያል። መሥራቹ ፓስተር ቤተ ክርስቲያኑን የጀመረው ሳሎኑ ውስጥ ነው። ኪራዩን ከኪሱ ከፍሏል፣ ሌላ ሙያ አልያዘም፣ ንብረት በስሙ ወይም በቤተሰቡ ስም ሊሆን ይችላል። በ65 ዓመቱ ልቀቅ ሲባል የሚሰማው ከገዛ ቤትህ ውጣ ነው። የሥልጣን ፍቅር የለም ማለት አይደለም። አለ። ነገር ግን ለልጁ ወይም ለሚስቱ አወረሰ ከምንላቸው ታሪኮች ውስጥ የጡረታ እጦት የተደበቀባቸው ቀላል አይደሉም።

ባሕር ማዶ ያሉት

አሜሪካ ያሉ የአማርኛ አጥቢያዎች አገልጋዮች ሌላ መልክ አላቸው። ብዙዎቹ በሥራ ቀን ታክሲ ይነዳሉ፣ ፓርኪንግ ይሠራሉ፣ እሑድ ይቀድሳሉ ወይም ይሰብካሉ። አድካሚ ነው። ግን ያ ሌላው ሥራ ሶሻል ሴኩሪቲ፣ ማለትም የመንግሥቱን የጡረታ መዋጮ ያስገባላቸዋል። ለጡረታው 40 ክሬዲት፣ ማለትም 10 ዓመት ገደማ ሥራ ያስፈልጋል።

ጥንቃቄ የሚያሻው በአገልግሎት ብቻ ለሚተዳደሩት ነው። የአሜሪካ ሕግ አገልጋይን ለገቢ ግብር እንደ ተቀጣሪ፣ ለሶሻል ሴኩሪቲ ግን እንደ ግል ሠራተኛ ይቆጥረዋል። የ15.3 ከመቶ መዋጮውን ሙሉውን ራሱ ይከፍላል። ፎርም 4361 በሚባለው ቅጽ ከዚህ መውጣት ይቻላል። የተፈቀደው ግን የመንግሥት መድን መቀበልን በእምነቱ ለሚቃወም ብቻ ነው፤ ገንዘብ ለመቆጠብ ተብሎ የተሠራ አይደለም። አንዴ ከወጡ ደግሞ መመለስ የለም። በ35 ዓመት የተፈረመ ወረቀት በ67 ዓመት ነው የሚቆጨው።

ቀጥሎ ምን ይመጣል?

ቅዳሴ ለመቀደስ ቢያንስ 5 ልዑካን ያስፈልጋሉ፤ 2 ቀሳውስትና 3 ዲያቆናት። ከገጠር አጥቢያ 2 ቄሶች ወደ ከተማ ከሄዱ ቅዳሴው ይታጎላል። የአብነት መምህር ሲሞት ምትክ ካልተቀመጠ ተማሪዎቹ ይበተናሉ፤ ይህን ክፍተት ሕንፃ በመሥራት መሙላት አይቻልም። በከተማው ወገን ደግሞ የሚጠበቀው ክፍፍል ነው። የደከመው መሪ አይለቅም፣ ወጣቱ ረዳት መጠበቅ ይሰለቸዋል፣ ግማሹን ምእመን ይዞ ይወጣል። አዲሱ ቤተ ክርስቲያንም ያለ ጡረታ ደንብ ይጀምራል።

ሰበካ ጉባኤዎችና የሽማግሌ ቦርዶች ይህን ለማስቆም ሁሉንም ባንዴ መሥራት አይጠበቅባቸውም። የአገልጋዩን ስጦታና አበል ወደ ደመወዝ ማጠቃለል፣ በጡረታው መመዝገብ፣ የሚለቅበትን ዕድሜ ከወዲሁ በደንብ መጻፍ ይቻላል። የሚያጣድፈው የቀን መቁጠሪያው ነው። ዛሬ 50 ዓመታቸው የሆነ ቄስ በዚህ ወር ቢመዘገቡ 60 ሲሞላቸው 10 ዓመታቸውን ይደፍናሉ። 55 የሆናቸው ግን አይደርሱም። የአንድ ጊዜ ክፍያ ካልሆነ በቀር ወርሃዊ አበል አያገኙም።